«ሌሎች» የሚለው ረድፍ

ኢየሩሳሌም፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ፈጠነ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደክሞናል እንጂ ደህና ነን። መልሴ ስለዘገየ ተቆጥተህ እንደሆነ እውነት አለህ፤ ግን ከቁጣህ ግማሹን ለአለቃዬ ለኢላን አድርስልኝ። የፈረንጆቹ ዓመት ሲያልቅ ሰውዬው ከቢሮ አያስወጣኝም። ደብዳቤህ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ እማሆይ ወለተ ጽዮን ዘንድ ሰነበተ። እኔ ቢሮዬ ካለበት ከታልፒዮት ወጥቼ፣ አውቶቡስ ቀይሬ እስክደርስ የገዳሙ በር ይዘጋል። ትናንት አስፈቅጄ ብሄድ ገና ከበሩ ተቆጡኝ። በሃይማኖት ብንለያይም የእናታቸውና የእናታችን እንስራ ከአንድ ምንጭ ይቀዳ ስለነበር እንደ ታናሽ እህት ነው የሚቆጡኝ። የገና ተሳላሚዎች ሰሞኑን ወደ ጎንደር ስለሚመለሱ፣ ይኸው ተቀምጬ እጽፋለሁ።

መኪና ትሸጫለሽ ወይ ላልኸኝ፣ አልሸጥም። የሚሸጠውን እከታተላለሁ። ሊቬና የምትባል ትንሽ የመኪና ፋብሪካ አለች፤ አንተ ስሟን አታውቀውም፣ እዚህም የሚያውቃት ጥቂት ነው። የእኛ ኩባንያ የእሷን መኪኖች ያስመጣል። አራት ዓይነት ናቸው። ኒታ ትንሿ ናት። ሶላን ዝቅ ያለችው፣ ከኋላዋ ሰፊ የዕቃ መጫኛ ያላት። ጋያ ከመሬት ከፍ ያለችው፤ አራተኛዋም ያቺው ጋያ ሆና በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት። በየወሩ የትኛዋ ስንት ገዢ አገኘች፣ ከአምናው ወጣች ወይስ ወረደች፣ ለምን እያልሁ ለኢላን እጽፋለሁ። የሚያደክመኝ «ለምን» የሚለው ነው። ኢላን መኪና ቀርቶ ዝናብ ቢቀንስ እኔን የሚጠይቅ ሰው ነው። የኤሌክትሪኳ ግብር ከአዲሱ ዓመት ይጨምራል ሲባል ሰው ታኅሣሥ ላይ ተሻምቶ ገዛት፣ አሁን ዞሮ የሚያያት የለም። ወረደች ብሎ ይደነግጥብኛል። አልወረደችም፣ ቀድማ ተበላች እንጂ። ኒታን እዚህ ሰፈራችን ቂርያት ሃዮቨል ያሉ፣ ሽማግሌ የሚያስታምሙ ሴቶቻችን ይገዟታል፤ በጠዋት ብርድ አውቶቡስ መጠበቅ የሰለቻቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ከፍ ብሎ መቀመጥ ስለሚፈልግ ጋያ ትወጣለች። ሶላን ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ ቁልቁል ነው መንገዷ።

የእማዬ እግር እብጠቱ ቀንሷል፤ ትንፋሽ ግን ያጥራታል። ይህን ራሷ እየነገረችኝ ጻፍሁልህ፦

«ፈጠነ፣ የበኩር ልጄ፣ የእስራኤል አምላክ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። በበዓላችን በስግድ ቀን በወንበር እየገፉ አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታው ላይ አውጥተውኝ ስምህን ጠራሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮክ ብዬ ነው የጠራሁት፤ አንተ ደንቆሮ ስለሆንህ መጮህ ለምጄ ነው። ጀርባህን ከብርድ ጠብቅ። ጋቢህን እንዳትሸጥ። ሸጠህ እንደሆነም አትንገረኝ። ወደዚህ የመምጫ ፋይልህ ከእኔ ዕድሜ ረዘመ እንጂ መምጣትህ አይቀርም። አልሞትም፣ እጠብቅሃለሁ።»

ቀጥላም ብዙ ተናግራ ነበር፤ ወረቀቱ አለቀ።

እህትህ ደስታነሽ


ጎንደር፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ደስታነሽ፣

ሰላምታዬ ከበቅሎ ተራ አቧራ ጋር ይድረስሽ። ጆሮዬ እንደምታውቂው ነው፤ ከእሱ በቀር ሁሉ ደህና። ቀደም ሲል ስልክ ገዝተን እንላክልህ ስላልሽው ተይው። በጆሮዬ አልሰማበት፣ ፊደሉም ለዓይኔ አይሆን። ወረቀት ይሻለኛል፤ ደግሜ አነበዋለሁ።

ሥራሽን አሁን ገና ገባኝ። አንቺ ደላላ ሆነሻል! ዕድሜ ልኬን ስሠራው የኖርሁትን ሥራ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ትሠሪዋለሽ ማለት ነው። ስማቸው ስለሚጠፋኝ ለመኪኖችሽ ስም አውጥቻለሁ። ኒታ ውርንጭላ ትባል። ጋያ አጋሰስ። ሶላን ሰጋር በቅሎ። ከፍ ብሎ መቀመጥን በተመለከተ አትደነቂ፤ እዚህም ቢሆን ሰው በቅሎ የሚገዛው ለመሄድ ብቻ መስሎሻል? ጎረቤት ቀና ብሎ እንዲያየው ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥሩ ደላላ የሚሸጠውን ከብት አያይም። የሚሸጠው ራሱን ይሸጣል። ሳይሸጥ ወደ ቤቱ የሚነዳውን ነው የሚያይ። ስለዚህ ሰጋሯን ተከታተይልኝ፤ ምን እንደምትሆን በየደብዳቤው ጻፊልኝ። እኔም የሚጠበቅ ነገር ይኑረኝ። የፋይሌን ነገር መጠበቁ ሰልችቶኛል።

ጎረቤቴ ኤሊያሁ ባለፈው ሳምንት መርዶ ተነገረው። እህቱ እዚያ እናንተ አገር፣ አሽቀሎን አርፋበት ነው። የእህቱ ልጅ፣ እዚያው ያደገ፣ በስልክ ሊነግረው ሲደውል ደርሰን ስልኩን ተቀበልነው። ልጁ ምን አጠፋሁ ብሎ ግራ ገባው፤ አይፈረድበትም፣ ማን አስተማረው። ሽማግሌዎቹን ሰብስበን ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቆምን። ገና በር ከፍቶ ሲያየን ገባው። ክንዱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ሰው መርዶውን ብቻውን አይሰማም፣ ደስታ። ስልክም ወረቀትም ክንድ አይይዝም። ይህን የጻፍሁልሽ በክፉ አይደለም፤ ዕድሜያችን ስለደረሰ ነው።

ጋቢው አለ በያት። አልሸጥሁም።

ወንድምሽ ፈጠነ


ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ፣

የካቲት የጻፍኸው የደረሰኝ በፋሲካ ተሳላሚዎች እጅ ነው። የበቅሎዎቹን ስም ለሺርሊ ነገርኋት፤ መሸጫው ውስጥ ገዢ የምታስተናግደው እሷ ናት። አሁን በስልክ ስታናግረኝ «ውርንጭላ ስንት ወጣ?» ትለኛለች። ውርንጭላ የሚለውን ቃል ስትጠራው ብትሰማ ጆሮ የለኝም ብለህ አታዝንም ነበር።

የሰጋሯን ነገር ጠይቀኸኛል። ልትሞት ነው። እንዴት አወቅሽ እንዳትለኝ፣ የነገረኝ የለም። ፋብሪካው አቁሜያለሁ ብሎ አይጽፍም። በመጀመሪያ ቀለሟ ይቀንሳል፤ ቀዩና ሰማያዊው ይቀሩና ነጩና ግራጫው ብቻ ይመጣል። ቀጥሎ ከመስታወቱ አንስተው ወደ ጓሮ ይወስዷታል። ገዢ ሲመጣ «በመርከብ ላይ ነች» ይባላል፤ አልቃለች ከተባለ በጓሮ ያሉትንም የሚነካቸው የለማ። መጨረሻ ላይ እኔ በማዘጋጀው ሠንጠረዥ የራሷ ረድፍ ይነሣና «ሌሎች» ከሚለው ጋር ትደመራለች። ያኔ አበቃ። «ሌሎች» ውስጥ ገብቶ የወጣ መኪና አላየሁም።

ያይር የሚባል ጡረተኛ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሶላን ብቻ የነዳ። በየሳምንቱ እየመጣ መጣች ወይ ይላል። ሺርሊ በመርከብ ላይ ነች ትለዋለች። ባለፈው እሷ ስላልነበረች እኔን ጠየቀኝ። በመርከብ ላይ ነች አልሁት። አመስግኖኝ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ደስ አላለኝም።

እማዬ ከበዓሉ በፊት ሆስፒታል ገብታ ወጥታለች። ልቧ ነው ይላሉ። ቀን ቀን የምታስታምማት ሴት አለች፤ ከሥራ ስመለስ እኔ እረከባለሁ። መልእክቷን ልጽፍ ወረቀት ይዤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። «ሰላም በይው» አለችኝና ተኛች። ብትነቃ ብዬ ብጠብቅም እንቅልፉ ረዘመባት።

ልጄ አጋም ያቺኑ አማርኛዋን ሰብስባ «አጎት ፈጠነ ይመጣል መቼ?» ትላለች። ምን ልበላት?

ደስታነሽ


ጎንደር፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደስታ፣

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ስለ እማዬ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ሙሉ ገጽ ስለ መኪና ጻፍሽልኝ። ጻፊ፣ አልጠላሁትም፤ የሰጋሯ ነገር አሳዝኖኛል። ለጡረተኛው ግን እውነቱን ብትነግሪው ይሻል ነበር እላለሁ። ወይም አልልም። እኔም ስንቱን የታመመ በቅሎ መንገድ ደክሞት ነው ብያለሁ።

እማዬ «ሰላም በይው» ብላ ዝም? ለእኔ? ሳትሰድበኝ? ሴትዮዋ ስትወልደኝም ስትረግመኝ ነበር አሉ። እባክሽ በሚቀጥለው ደብዳቤ አንዲት ስድብ ከአፏ ተቀብለሽ ላኪልኝ። ምርቃት ማንም ይመርቀኛል፤ ስድብ ከእሷ ሌላ የሚያውቅበት የለም።

ነጠላ ልኬላታለሁ። ገዳሙን ለማገልገል የሚሄድ ዲያቆን ለእማሆይ ያደርሳል። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ በልጅነትሽ እማዬ ለበዓል ትለብሰው የነበረውን የመሰለ ብዬ ስዞር ነው የዋልሁት። ከየት አመጣው ብላ ብትጠይቅ ገበያው ጥሩ ነበር በያት።

አንቺም ዕረፍት ውሰጂ። እጅሽ ደክሟል፤ ፊደልሽ ላይ ይታያል።

ፈጠነ


ኢየሩሳሌም፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ፈጠነ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። በሰኔ በጦርነቱ ሰማዩ ተዘግቶ፣ አውሮፕላን ቆሞ እንደነበር ሰምተሃል። ሳይረን ሲጮህ መጠለያ፣ ዝም ሲል ሥራ፤ እንዲህ ነበር ወሩ። አሁን ተከፍቷል ቢባልም ቲኬት የሚገኝ አይደለም።

የሰኔ ሽያጭ ገደል ነው። አራቱም አብረው ወረዱ። ኢላን ወረቀቱን አየ፣ አስቀመጠው፣ «ለምን» ሳይለኝ ቀረ። ከተቀጠርሁ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሰጋሯ አልቃለች። ከዚህ ወር ጀምሮ «ሌሎች» ውስጥ አስገቢያት ብለውኝ አስገብቻታለሁ።

ነጠላው ደርሶልናል። ጥለቱ በጣም ያምራል፤ ሁላችንም አይተን አደነቅነው። እኔ ጉንፋን ነገር ይዞኝ ሰባት ቀን ከሥራ ቀርቼ ነበር፤ አሁን ተመልሻለሁ። ሁላችንም ደህና ነን።

ስድብ ጠይቀህ ነበር። ለዛሬ የእኔን ተቀበል፤ አንተ ደንቆሮ፣ ናፍቀኸኛል።

አንድ ነገር አደራ። ቄስ አወቀን ታውቃቸዋለህ፤ የእኛው ሃይማኖት ቄስ፣ ያገራችን ሰው፣ አሁን የሚኖሩት ቂርያት ሃዮቨል እኛው ዘንድ ነው። ቲኬት ሲያገኙ ለራሳቸው ጉዳይ ጎንደር ይመጣሉ። ሲመጡ ከቤት አትጥፋ። እሳቸው እስኪመጡም ብቻህን አትቀመጥ። ኤሊያሁ ጎረቤቴ ነው ብለኸኛል፤ እሱ ዘንድ ደርሰህ ዋል። ይህን የምልህ እንዲሁ ነው።

ደክሞኛል አያ። ሌላ የምጽፈው ነገር ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ደስታነሽ


ጎንደር፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

ደብዳቤሽን በቅሎ ተራ ቆሜ አነበብሁት። ከዚያ አጥፌ ወደ ቤት ወሰድሁት። ከዚያ ኤሊያሁን ጠራሁትና፣ ምንም አትጠይቀኝ፣ አጠገቤ ተቀመጥ አልሁት። ሁለተኛ ሳነበው ክንዴን ያዘኝ። ስለዚህ አትጨነቂ፤ ብቻዬን አልነበርሁም። ወረቀት ክንድ እንደማይይዝ የጻፍሁልሽ እኔ ነኝ፤ አንቺም ቃሌን ጠብቀሽ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ተሸከምሽው።

እማዬ ሞታለች።

አንቺ አልነገርሽኝም። ሕጉን አልጣስሽም፤ ማንም እንዲህ ብሎ አይውቀስሽ። ግን ሥራሽን አስተምረሽኛል። በጥር ወረቀት እስኪያልቅ ተናገረች። በሚያዝያ ሁለት ቃል። በሐምሌ «ሁላችንም ደህና ነን»። ስሟን ፈለግሁት፣ ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት፣ የለም። እማዬን «ሌሎች» ውስጥ ደመርሻት፣ ደስታ። አንቺው ነሽ እዚያ ገብቶ የወጣ የለም ያልሽኝ። ጉንፋን ደግሞ እንደ ሐዘን መቀመጫችን ሰባት ቀን ጠብቆ አይለቅም።

አልተቆጣሁሽም። ተቆጥቼ ነበር፤ እስከ ማታ ተቆጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት እዚህ የተቀመጥሁት በሯን አንኳኩቼ ልገባ ነበር። እጠብቅሃለሁ ብላኝ ነበር፤ እኔም እሷ ካለች ብዬ ነበር የምጠብቀው። አሁን ለማን ብዬ እንደምጠብቅ አላውቅም። ይህን ለኤሊያሁም አልነገርሁትም።

አሁን ስሚኝ። ቄስ አወቀ ይምጡ። ማወቄን እንዳትነግሪያቸው። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ይህን አደራ ተሸክመው ባሕር ሲሻገሩ ለባዶ እንዳይሆንባቸው። ጎህ ሲቀድ ደጄ ላይ ይቆማሉ፤ እኔም ምንም እንዳልሰማ ሰው እከፍታለሁ። ልቅሶዋ እንደ ሕጉ ይሁን። መርዶዋን በደብዳቤ አልተቀበልሁም።

አንዲት ነገር ግን እለምንሻለሁ። ሁሉ ካለፈ በኋላ ስሟን ለብቻው አድርገሽ ጻፊልኝ። ከማንም ጋር አትደምሪያት።

ክረምቱ ዘንድሮ ይበርዳል።

ወንድምሽ ፈጠነ


ኢየሩሳሌም፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

የእስራኤል አምላክ ያጽናህ። ይህን ቃል ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ብዕር አንሥቼ አስቀምጫለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቄስ አወቀ ሻንጣቸውን ሲያስሩ ነው። አልነገርኋቸውም። እንዴት ብለው እንደሚጀምሩ ተጨንቀው ነበር፤ ሻይ አፈላሁላቸውና ሰማኋቸው። ከመርዶው በኋላ ከጎንደር ደውለውልኝ ነበር። «ምንም አልሰማም ነበር» አሉኝ፤ «በሩን ከፍቶ ሲያየን እዚያው መሬት ላይ ወደቀ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው አርድቻለሁ፣ እንዲህ የደነገጠ አላየሁም።» ለእሳቸው ብለህ ነው ወይስ ለራስህ? አትንገረኝ፤ አላጣሁትም።

እኔ ሰኔ ላይ በደንብ አላለቀስሁም። በዚያ ሰሞን ሰው መሰብሰብ አይፈቀድም ነበር፤ ጥቂት ሆነን ቀበርናት። እማሆይ ወለተ ጽዮን ከኢትዮጵያ ጎዳና በእግራቸው ተነሥተው፣ ሳይረኑ መሀል መንገድ ላይ ይዟቸው፣ ደክመው ደረሱ። በሩ ላይ ቆመው በእኛው አገር ዜማ አለቀሱላት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ለአንተ ደህና ነን እያልሁ መጻፍ ነበረብኝ። የቄስ አወቀን ስልክ ዘግቼ ነው እንደ ሰው ያለቀስሁት። አጋም ደንግጣ መጣችና ቃል ስላልነበራት ክንዴን ያዘችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም።

ያይርን ደውዬ ጠራሁት። ሶላን አልቃለች፣ ተመልሳ አትመጣም አልሁት። «ከመጋቢት ጀምሮ አውቃለሁ» አለኝ፤ «የምመጣው እንደ ታማሚ ልጠይቃት ነው።» ጓሮ ከቀሩት አንዷን፣ ግራጫዋን፣ ወሰዳት።

የዚህን ወር ሠንጠረዥ ስሠራም ሰጋሯን ከ«ሌሎች» አወጣኋት። የራሷን ረድፍ ሰጥቼ፣ ስሟን ጽፌ፣ ከያይር ሌላ ገዢ ስለሌላት አጠገቧ አንድ ቁጥር አደረግሁ። ኢላን አይቶ «ይህች ምን ታደርጋለች እዚህ?» አለኝ። ለአንድ ወር ትቀመጥ አልሁት። ፊቴን አየና «ለምን» አላለም። በሚቀጥለው ወር ዜሮ ትሆናለች፤ ያኔም በስሟ ትሆናለች። ይቆጣ እንደሆነ ይቆጣ፣ ለመቆጣት የሚሆን ጉልበት ያለው እሱ ነው።

እማሆይ በሰው እጅ የሚልኩልህ ጥቅል ውስጥ ያለው ጋቢ የእማዬ ነው። አላጠብሁትም።

ስድብ ለምነኸኝ ነበር። የግንቦት ደብዳቤህ ሲደርስ በሕይወት ነበረች፤ ጮክ ብዬ አነበብሁላት፣ ነጠላውንም አለበስኋት። ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችና ሳቀች፣ ከዚያ ለብዙ ቀን ያልነበራትን ትንፋሽ ሰብስባ ተናገረች። ያኔውኑ ጻፍሁት። ልልክልህ ስል ሰማዩ ተዘጋ፣ በዚያው ሳምንት አረፈች። የሞተችን ሴት ቃል በሕይወት እንዳለች አድርጌ መላክ አቃተኝ። አሁን መላክ ይቻላል። እንዳልኸኝ ለብቻው ነው።

እናታችን አገኘሁሽ፦

«ይህ ደንቆሮ! ጋቢውን ሸጦታል። አትንገረኝ አላልሁትም ነበር?»

እህትህ ደስታነሽ